ጨው የላሰ በግና 500 ዋት የተጻፈበት ካርቶን

የእህቴ ልጅ ሦስቱን ሙክቶቹን የሸጠው ለፋሲካ ገበያ ነው። የገዛቸው ከገና በፊት፣ ከሲታ ሳሉ ነበር። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን አተላ በጆንያ እየተሸከመ አምጥቶ፣ ከገለባ እየቀላቀለ፣ ጠዋት በውርጩ ማታ በብርዱ ቀልቧቸዋል። የደብረ ብርሃንን የጥር ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሣሩ ነጭ ይሆናል። ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ከላይ ይጋግራል።

ልጁ 17 ዓመቱ ነው። እናቱ ደብረ ሲና ነው የምትኖረው። ትምህርቱን እዚህ እንዲጨርስ እኔ ዘንድ ከላከችው ሁለት ዓመት ሆነ። ጠባሴ ያለው ግቢያችን ጥግ ላይ በጎቹን ሲያስር ምንም አላልኩትም። ገንዘቡን ለምን እንደሚፈልገው ግን አውቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ አካባቢ ያለ ጌም ቤት ውስጥ በጨዋታ እየከፈለ ይጫወታል። አንድ ቀን እራት ላይ ያወጣውን ሁሉ በደብተር አስልቶ መጣ።

"ጋሼ፣ በዚህ አያያዜ በሁለት ዓመት የአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ከፍዬ እጨርሳለሁ። ኮምፒውተሩ ግን የሰውየው እንደሆነ ይቀራል።"

ሒሳቡን አየሁት። ልክ ነበር።

ከበጎቹ ሽያጭ ላይ እናቱ ጥቂት ጨምራለት 48 ሺህ ብር ሞላ። ይህን ገንዘብ በእጄ ይዤ ያደርኩበትን ሌሊት አልረሳውም። ኮምፒውተር መጠገን ሥራዬ ነው፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ። የመሥሪያ ቤት ማሽን ስመርጥ እንዲህ አልጨነቅም። ቢበላሽ ሌላ ይገዛሉ። ይህ ልጅ ግን ሌላ አይገዛም። ቢያንስ ሌላ ሦስት ሙክት እስኪያደልብ ድረስ አይገዛም። ስለዚህ ለእሱ ዕቃ ስንመርጥ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "የትኛው ይፈጥናል?" የሚል ሊሆን አይችልም። "የትኛው ተበላሽቶ ሌላውን ይዞ ይጠፋል?" የሚለው ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው። በትንሽ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ስለመግዛት የሚወራው አብዛኛው ነገር ሁለተኛ ዕድል ላለው ሰው የሚሆን ነው።

ልጁ መጀመሪያ ያሳየኝ ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ማስታወቂያ ነበር። ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ፣ በውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበሩ አራት ፋኖች፣ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ፣ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ። "ስላይትሊ ዩዝድ" ይላል፤ ብዙ ያላገለገለ ማለቱ ነው። ግራፊክስ ካርድ የጨዋታውን ምስል የሚሠራው ክፍል ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ከሶኬቱ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለሌላው ዕቃ ሁሉ የሚያከፋፍለው ሳጥን። ልጁ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴን ያያል። ልቡ ሸፍቷል። እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን ልቤ ይሸፍት ነበር። ያምራል።

"ቅዳሜ አዲስ አበባ ወርደን እናየዋለን" አልኩት።

ከቅዳሜው በፊት ግን የበግ ገበያውን ላስቀድም። በጎቹን ሲገዛ አብሬው ሄጄ ነበር። እኔ በግ አላውቅም። አንዱን ሆዱ ሞላ ያለ፣ ጠጉሩ የሚያበራ አይቼ "ይሄን ውሰድ" አልኩት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ከጠጉሩ ሥር አስገባና ወገቡን ጨበጠ። አከርካሪውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ። ከዚያ ላቱን በመዳፉ መዘነ። ቀና ብሎ በጆሮዬ "ጋሼ፣ ይሄ ጨው ልሶ ውኃ የጠጣ ነው" አለኝ። ሆዱ ሞላ እንጂ ወገቡ አጥንት ነው። ነገ ጠዋት ሆዱ ይጎድላል። አጠገቡ የነበረውን፣ ለዓይን የማይሞላውን ገዛ። ያ በግ ነው በፋሲካ ከሦስቱ የበለጠ ያወጣው።

አዲስ አበባ፣ ሱቁ ውስጥ፣ መስታወቱ ኬዝ ጠረጴዛ ላይ በርቶ ጠበቀን። ሻጩ ጥሩ ሰው ነው። አንድ ጨዋታ ከፍቶ ልጁን አስቀመጠው። ልጁ ተጫወተ፣ ፈገግ አለ። እኔ ፓወር ሰፕላዩን ማየት እንደምፈልግ ነገርኩት።

"ወንድሜ፣ 500 ዋት ነው፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል" አለኝ። ያንኑ ዓይነት ሌላ ያልተከፈተ ካርቶን ከመደርደሪያ አወረደልን።

ካርቶኑን ከፈትኩና ዕቃውን ለልጁ አቀበልኩት። ጎኑ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ የታተመበት ወረቀት ተለጥፏል። ማንም የማያነበው ወረቀት ነው። እዚያ ላይ 3.3 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ 12 ቮልት እያለ እያንዳንዱ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። የዛሬ ዘመን ፕሮሰሰርም፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ ግራፊክስ ካርድም ጉልበታቸውን የሚወስዱት በዋናነት ከ12 ቮልቱ ነው። ስለዚህ አንድ ማባዛት ብቻ ይበቃል፤ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ነው።

"12 ቮልቱ ሥር ምን ይላል?"

"16 አምፔር።"

"አባዛው።"

"192" አለ። ትንሽ ቆየና "የቀረው 300 የት ሄደ?" ብሎ ጠየቀኝ።

አርኤክስ 580 በአምራቹ መግለጫ 185 ዋት የሚበላ ካርድ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ፋኖቹና ዲስኩ ገና አልተቆጠሩም። ልጁ ፓወር ሰፕላዩን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው። ላቱን እንደመዘነው ማለት ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከበድ ይላል፤ በውስጡ መዳብና አሉሚኒየም አለ። ይሄ ግን ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ነበር።

"ጋሼ፣ ጨው ልሷል" አለኝ በሹክሹክታ።

ሻጩን አመስግነን ወጣን።

ስለ ፓወር ሰፕላይ እንዲህ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን የገዛሁት ከአሜሪካ ከመጡ ያገለገሉ ማሽኖች መካከል ነበር። ከኋላው፣ ከኤሌክትሪክ ገመዱ መሰኪያ አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለች። 115 ትላለች። ወደ ሌላኛው ጎን ስትገፋ 230 ትላለች። እኔ አላየኋትም። ገመዱን የቤታችን ሶኬት ላይ ሰካሁ። ኃይለኛ ጩኸት ሆነ። ክፍሉን የተቃጠለ ነገር ሽታ ሞላው። በ115 ላይ የተቀመጠ ፓወር ሰፕላይ የሚገባውን ቮልቴጅ ውስጡ ሲደርስ በእጥፍ ከፍ አድርጎ ነው የሚጠቀምበት። የእኛ 220 ሲገባበት ያንንም እጥፍ ያደርገዋል። ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ለዚያ አልተሠሩም፤ ፈነዱ። ያ ኮምፒውተር የእናቴ የዓመት ቁጠባ ነበር። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ጭሱ እንዲወጣ መስኮቱን ከፈተችና ቡና ልታፈላ ገባች።

እስከ ዛሬ ማንኛውንም ዴስክቶፕ ሳነሳ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኋላው ነው። ቀይ ማንሸራተቻ ካለ የት ላይ እንደሆነ አያለሁ። ከሌለና ወረቀቱ ላይ "100-240" የሚል ከሆነ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለው ፓወር ሰፕላይ የሚገባለትን ኃይል ራሱ ያስተካክላል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ኃይሉ ቢቀንስም ይታገሳል። ለእኛ አገር ይህ ከማንኛውም መብራትና መስታወት ይበልጣል።

ታዲያ ምን ገዛን? የቢሮ ማሽን። ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመው ያወጡት፣ ጥቁር፣ መልክ የሌለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ። ልጁ መጀመሪያ ሲያየው ፊቱ ወደቀ። "የባንክ ኮምፒውተር" አለ። እውነቱን ነው፤ ይመስላል። ፓወር ሰፕላዩን አውጥቼ አስያዝኩት። 260 ዋት ይላል። ከ500 ግማሽ ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ ግን አብዛኛው የሚወጣው በ12 ቮልቱ ነው፤ እጅ ላይም ይከብዳል። ቁጥሩ ያነሰ፣ ወገቡ ግን የሞላ።

የቢሮ ማሽን ሲገዛ ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ጄኔሬሽኑ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ማለት ነው። ገበያው ላይ ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር በርካሽ ሞልቷል። የረከሰበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ጥቂት ሞዴሎች ሲቀሩ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ስለዚህ የውጭ ቢሮዎች ከዚያ በታች ያለውን እያወጡ ነው። ብልሃት ያለው ሰው ዊንዶውስ 11ን በአሮጌውም ላይ ይጭነዋል፤ እኔም ጭኜ አውቃለሁ። ግን በኔትዎርክ ከሚጫወቱት ጨዋታዎች አንዳንዶቹ የማሽኑን የደኅንነት ቺፕ ሳይቀር ይፈትሻሉ፤ ካልተሟላ አያስገቡም። ሌላም ልዩነት አለ። እስከ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ድረስ ኮር አይ 5 የሚባለው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር በአብዛኛው አራት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ አራት አንጎሎች፣ ነበረው። ከስምንተኛ ጀምሮ ስድስት ሆነ። ያቺን ልዩነት ከፍለን አይ 5 8500 ወሰድን። የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ እዚያ ላይ ሄደ። አልተጸጸትኩም።

ሁለተኛው ቁመቱ ነው። ስሊም የሚባለው ቀጭኑ ጠረጴዛ ላይ ያምራል፤ ርካሽም ነው። ነገር ግን ግራፊክስ ካርድ ሲገባበት አጭር ቁመት ያለው ልዩ ካርድ ይፈልጋል። እሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። ብዙ ልጆች ስሊም ገዝተው ካርድ ይዘው ሱቄ ይመጣሉ። አይገባም። ሳይገባ ሲቀር የሚያሳዩት ፊት ያሳዝነኛል። ታወር የሚባለውን ትልቁን ግዙ።

ስለ ዋጋ ዝርዝር ቁጥር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ በወር ውስጥ ሲቀያየር አይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ነገ ሰው ያሳስታል። አከፋፈሉን ብቻ ልንገራችሁ። ከ48 ሺው ከግማሽ በላይ ማሽኑ ላይ፣ ሲሶ የሚሆነው ግራፊክስ ካርዱ ላይ፣ የቀረው ራም በሚባለው የማሽኑ ጊዜያዊ ሜሞሪና ጥቃቅኑ ላይ ዋለ። ሞኒተሩን ከሱቄ ሰጠሁት።

አሁን ወደ ካርዱ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን ነው የሄድነው።

የቢሮ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ብዙ ጊዜ የለውም። ካርዱ የሚያገኘው ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ስሎት በሚባለው መሰኪያ በኩል የሚሰጠውን ብቻ ነው። እሱም ቢበዛ 75 ዋት ነው። ስለዚህ ምርጫው በራሱ ይጠባል። ከ75 ዋት የማያልፉ፣ ገመድ የማይጠይቁ ካርዶች ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ አንዱ ነው። በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ሌላው ነው። ሁለቱም 4 ጊጋባይት የራሳቸው ሜሞሪ አላቸው። 1650ው በግልጽ ይፈጥናል። አንዳንድ የ1650 ሞዴሎች ግን ከላይ ባለ ስድስት ቀዳዳ ሶኬት ስላላቸው ገመድ ይጠይቃሉ። ካርዱን አገላብጦ ማየት ነው። ሶኬት የሌለውን መረጥን።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ልጁ ከእኔ የተሻለ ገዢ ሆኖ አገኘሁት። ማየት ያውቃላ። እኔ የት እንደሚያይ ብቻ ነገርኩት።

መጀመሪያ ጥርሱን። ስሎቱ ውስጥ የሚገባው ወርቃማው ጠርዝ እንደ ጥርስ የተደረደረ ነው። እኛ ሱቅም ጥርስ ነው የምንለው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተቃጠለ ጥቁር ምልክት ካለ መተው ነው። ቀጥሎ ብሎኖቹን። ከጀርባው ያሉት አራት ብሎኖች ራሳቸው ከተፋፋቀ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። መከፈቱ ብቻውን ክፉ አይደለም። ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት፣ ፓስታ የምንለውን፣ ለመቀየር ሊሆን ይችላል። ግን ሻጩ "ተከፍቶ አያውቅም" ካለና ብሎኑ ከተፋፋቀ ሰውየውን ማመን አይቻልም። ፋኑን በጣት ማሽከርከር። ከተንገጫገጨ ወይም ቶሎ ከቆመ አርጅቷል። ከዚያ ማሽተት። ልጁ ካርዱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሲያሸት ሻጩ ግራ ገብቶት አየው። የተቃጠለ ኤሌክትሮኒክስ ሽታ ቶሎ አይለቅም። እኔ ያን ሽታ ከልጅነቴ ክፍል አውቀዋለሁ።

በመጨረሻ ማሽን ላይ ሰክቶ ማየት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ጋር ጊዜ አላጠፋም። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ ነው የምሄደው። ገበያው ላይ 1050 ቲአይ ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ያረጀ ሌላ ቺፕ የሆኑ ካርዶች አሉ። የካርዱን ሶፍትዌር ቀይረው ስሙን ያስዋሹታል። ዊንዶውስ ይታለላል። ጂፒዩ-ዚ ግን ቺፑን ራሱን ያነባልና ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ካርዱን ዐሥራ አምስት ደቂቃ በሙሉ ጉልበቱ አሠርቶ ስክሪኑን ማየት። የማይገባቸው ቦታ ባለ ቀለም ነጠብጣቦች ወይም ሰረዞች ከታዩ ሜሞሪው እየሞተ ነው። የእኛ አልታየበትም። ዐሥራ አምስቱን ደቂቃ ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ ጨረሰው።

አርኤክስ 580 መጥፎ ካርድ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ጠንካራ ነበር፤ ባለ 8 ጊጋባይቱ ዛሬም ያጫውታል፤ ከ1650ም ይበልጣል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰው ይግዛው። ብቻ "2048 ኤስፒ" የሚል ተጨማሪ ስም ያለውን ለይቶ ይወቅ። ሙሉው 580 የማስሊያ ክፍሎቹ 2,304 ናቸው፤ ይሄኛው 2,048 ብቻ ነው ያለው። በስም አንድ ናቸው፣ በሥራ ግን ይለያያሉ።

ካርድ ሳይገዙ የመጀመር መንገድም አለ። ራይዘን 5 5600ጂን የመሰለ ግራፊክሱን በውስጡ የያዘ ፕሮሰሰር ገዝቶ፣ ካርዱን ለሌላ ጊዜ ማቆየት። ኃይል አይበላም፣ ነገ ማደግም ይችላል። አስበንበት ነበር። ግን ማዘርቦርዱም፣ ራሙም፣ ኬዙም፣ ፓወር ሰፕላዩም ተለይተው መገዛት አለባቸው። እኛ ገንዘቡ አይደርስም ነበር። ደግሞ ውስጡ ያለው ግራፊክስ ከ1650 በብዙ ያንሳል። ገንዘብ ቀስ በቀስ ለሚያገኝ ሰው እመክረዋለሁ። በዓመት አንዴ ለሚያገኝ ግን አይሆንም።

ራሙ ብዙ አላከራከረንም። ማሽኑ ከአንድ 8 ጊጋባይት ጋር መጣ፤ አንድ ተመሳሳይ ጨመርንና 16 ሆነ። ሁለት መሆናቸው ከአንድ ትልቅ ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀዳል።

ስለ ዲስክ ግን ለደጋ ሰው የምለው አለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ ሳይነካ ተንሳፍፎ የሚቆየው በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ብዙ አምራቾች ዲስኩ ሲሠራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር መሆኑን ይጽፋሉ። ደብረ ብርሃን ከዚያ ብዙም አትርቅም። ወደ መንዝና ጓሳ ሲወጣ ደግሞ የሚያልፉት ቦታዎች አሉ። ጠፍቶ ጣርማበርን ቢያቋርጥ ምንም አይሆንም፤ ችግሩ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ከደጋ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ኤስኤስዲ የሚባለውን ዲስክ እንዲገዛ እመክራለሁ። በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም። የልጁ ማሽን 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነበረው። ለዛሬ ጨዋታዎች ትንሽ ነው፤ ካውንተር ስትራይክ 2 ብቻውን 85 ጊጋባይት ይጠይቃል። አንድ ትልቅ ጨዋታ ይጭናል፣ ሲሰለቸው ያጠፋዋል። በሌሊት ፓኬጅ ሌላ ያወርዳል። ይቻላል።

የሳሳው አየር ፋንንም ያደክማል፤ ሙቀት የሚሸከመው አየር ነውና። እኛ ግን ብርዱ ይክሰናል። የደብረ ብርሃን ማሽን ጨዋታ ላይ ሆኖ ሙቀቱን ስለካው፣ ሸዋ ሮቢት ካሉ ደንበኞቼ ማሽን የቀዘቀዘ ሆኖ ነው የማገኘው። ብርዱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ማታ ከአዲስ አበባ ስንመለስ ማሽኑ የመጣው ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ በሸራ ተጠቅልሎ ነበር። ብረቱ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቷል፣ እንፋሎቱ ሞልቷል። ልጁ ወዲያው ሊሰካው እጁን ዘረጋ። ከለከልኩት። የቀዘቀዘ ብረት ሞቃት ክፍል ሲገባ ልክ እንደ መስኮት መስታወት ያልበዋል። ውስጡ ያለው ማዘርቦርድም እንዲሁ። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ዕቃውን መግደል ነው። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። እነዚያ ሁለት ሰዓታት ለልጁ ከአራቱ የበግ ወራት የረዘሙ ይመስለኛል።

ጠዋት ካርዱን ሊገጥም ሲቀመጥ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጣ። ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በእኛ ደረቅ ብርድ ወራት ከብርድ ልብስ ስንወጣ ጨለማ ውስጥ ቅጭጭ የሚል ብልጭታ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ብልጭታ ለሰው ምንም አይደለም። ለራም ቺፕ ግን መብረቅ ነው። ብርድ ልብሱን አስወለቅኩት። "መጀመሪያ የኬዙን ባዶ ብረት ንካ፤ ከዚያ ዕቃውን ያዝ" አልኩት። በየደቂቃው ብረቱን እየነካ፣ ጣቶቹ በብርድ ቀልተው፣ ካርዱን ስሎቱ ውስጥ አስገባው። "ቋ" የምትለዋ ድምፅ ስትሰማ ቀና ብሎ አየኝ።

አበራነው። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ልጁ ደነገጠ። እኔ ሄጄ ገመዱን አየሁ። ሞኒተሩን የሰካው ካርዱ ላይ ሳይሆን የድሮው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ነበር። በዚህ አንድ ምክንያት ብቻ "ካርዱ አይሠራም" ብለው የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ የሰጠሁት ሞኒተር ደግሞ የድሮው ሰማያዊ ቪጂኤ ገመድ ያለው ነው። 1650 ቪጂኤ የለውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ገዝተን ስለነበር ሰካነው። ስክሪኑ በራ።

ከሰዓት በኋላ እናቱ ደወለች።

"ወንድሜ፣ የልጁን ልፋት ለጌም አደረግከው?" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

"እትዬ፣ አታስቢ" አልኳት። ከዚያ የማስበውን ነገርኳት። ይህ ልጅ ጌም ቤት ሲሄድ ማታ በጨለማ ነበር የሚመለሰው። አሁን ቤት ነው። አራት ወር በጎች ቀልቦ፣ ሸጦ፣ ያገኘውን በምን ላይ እንደሚያውለው ራሱ መርጧል። አምፔር በቮልት አባዝቶ ሰው ሊሸጥለት የነበረውን ነገር ባዶነት አውቋል። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ይህን ቀመር ተምሮት ነበር፤ የገባው ግን ሱቁ ውስጥ ነው። መጫወትም ደግሞ ያምረዋል። 17 ዓመቱ ነው፤ ደስ ይበለው።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ብርድ እንዳይመታው እግሩን ይሸፍን" አለች።

አሁን ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ይጫወታል። ብሌንደር የሚባለውን ነፃ የሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌርም ጭኗል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ በሱ እየሠራ ነው። ዋሻውን ሠርቶ ጨርሷል። ጉሙ አስቸግሮታል።

ያልገዛነው አንድ ነገር አለ። ዩፒኤስ፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ። ገንዘቡ አለቀ። ልጁ ሌላ አንዲት ከሲታ በግ ገዝቶ ጥግ ላይ አስሯል፤ ዩፒኤሱ ከእሷ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ የሚያስቸግረን ምጣዱ ነው። ማሽኑ ካርዱም ሞኒተሩም ተጨምሮ ከ200 ዋት አያልፍም። ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ግቢያችን ውስጥ ያለነው ሦስት ቤተሰብ ቆጣሪያችን አንድ ነው። ጎረቤታችን እማማ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ሌላው ቤት ምድጃ ከለኮሰ፣ ቆጣሪው ይጥላል። ልጁ የሠራው ሳያስቀምጠው ሁለት ጊዜ ጠፍቶበታል።

አንድ ቀን ሄዶ አስረዳቸው። ምን ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ሊጡን በጆግ ይዘው፣ በራቸው ላይ ቆመው ወደ መስኮታችን ይጣራሉ።

"ልጄ፣ ምጣድ ልጥድ ነው! የያዝከውን አስቀምጥ!"

"እሺ እማማ! ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ!"

ቆመው ይጠብቁታል።